ፓምፑን ያቆምኩት እኔ ነኝ

የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬን የሠራሁት በውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ደህንነት ላይ ነው። ቦታው ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ፣ ጣና ዳር ያለ አንድ የአትክልት እርሻ ነው። ይህንን የምጽፈው ከእኔ በኋላ ላፕቶፕ አንግቶ ወደ ፓምፕ ቤት ለሚገባ ተማሪ ነው፤ እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም። በጽሑፍስ ተነግሮኝ ነበር። እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፣ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ርዕስ መምረጡ ሁለት ሳምንት፣ ንባቡ አንድ ወር ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2010 ስለተደረሰበት፣ የፋብሪካ ማሽኖችን እንዲያበላሽ ስለተሠራው ስተክስኔት የተባለ የኮምፒውተር ቫይረስ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ማብቂያ ዩክሬን ውስጥ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ደንበኞችን ጨለማ ውስጥ ስለጣለው፣ በኮምፒውተር ስለተፈጸመው የመብራት ጥቃት አነበብኩ። ሲንጋፖር ያለው ስዋት የተባለ የውሃ ማጣሪያ የሙከራ ጣቢያ ለተመራማሪዎች የሚሰጠውን መረጃ በኢሜይል ጠየቅሁ፤ ላኩልኝ።

ከሲንጋፖር በኢሜይል የመጣልኝን ያህል ትብብር ከራሴ ዩኒቨርሲቲ ቢሮ ለማግኘት ግን ሁለት ወር ተኩል ተመላለስኩ። የሚሞላው ቅጽ የተዘጋጀው ሰዎችን ለሚያጠኑ ነበርና «የጥናቱ ተሳታፊዎች ብዛት በፆታ» ይላል። «ፓምፕ፣ ሁለት» ብዬ ጻፍኩ። ተመለሰ። ፆታው ያልተሞላ ቅጽ አይስተናገድም ተባልኩ። በመጨረሻ የፓምፕ ኦፕሬተሩን «ወንድ፣ አንድ» ብዬ አስገባሁና ማህተም ተመታልኝ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ተማሪዋ ለምታደርገው ጥናት አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት እንጠይቃለን።» የትኛውን ማሽን እንደምነካ፣ መቼ፣ በምን፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚጠየቅ አንድም ቃል የለበትም። እኔም ማህተሙን እንጂ ይህንን አላየሁም።

ዕለቱ የካቲት ውስጥ ረቡዕ ነው። ፓምፕ ቤቱ ከሐይቁ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ የቆመ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ውስጡ ሁለት ፓምፖች፣ ግድግዳው ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ፓኔል፣ ፓኔሉ ውስጥ ደግሞ ዕድሜ የጠገበ ፒኤልሲ፣ ማለትም ማሽን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር፣ አለ። ሥራው ቀላል ነው፤ ከፍታው ላይ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ሲጎድል ፓምፑን ያስነሳል፣ ሲሞላ ያጠፋል። የውሃው ልክ ከማጠራቀሚያው በሬዲዮ መገናኛ ይደርሰዋል። ኦፕሬተሩ፣ እኔ «ጋሼ» የምላቸው በዕድሜ የገፉ ሰው፣ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው የፓምፑን ድምፅ ያዳምጣሉ። ሬዲዮ የሚያዳምጡ ነበር የመሰለኝ።

«ጋሼ፣ ምን ምን እንዳለው ልጠይቀው ነው፤ ምንም አልነካም» አልኳቸው።

«ማንን ነው የምትጠይቂው?»

«መቆጣጠሪያውን።»

«ሥራ ላይ ነው እኮ» አሉኝ። ሳቅሁ። ያ ሳቅ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ኬብሌን ሰካሁና ኤንማፕ የተባለውን የመረብ መፈተሻ ፕሮግራም ከፍቼ ሁሉንም 65,535 ፖርቶች (የመገናኛ በሮች) እንዲፈትሽ፣ ያገኘውንም ምን ዓይነት እንደሆነ እንዲጠይቅ አዘዝኩት። አማካሪዬ «መጀመሪያ ሙሉ ፍተሻ አድርጊ፣ ያለውን ሳታውቂ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብሎኝ ነበር። በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ልክ ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ፒኤልሲው ላይ ቀይ መብራት በራ፣ ፓኔሉ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ፣ የፓምፑም ድምፅ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ በፊት ያልሰማሁት የሐይቁ ሞገድ ተሰማኝ። ጋሼ ተነሥተው ቆመዋል።

የሆነው ይህ ነው። የዚያ ዘመን መቆጣጠሪያ የመረብ መገናኛው አቅም ትንሽ ነው፤ እኔ ያዘነብኩበትን ጥያቄ ሁሉ ልመልስ ሲል ዋናው ሥራው ዘገየበት። በውስጡ ደግሞ «በዚህን ያህል ጊዜ ዙርህን ካልጨረስክ ሁሉን አጥፋ» የሚል ሰዓት ቆጣሪ አለ። ቆጣሪው አጠፋው። ማሽኑ በተሠራበት ሥርዓት መሠረት ልክ ነው የሠራው፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።

አጥፍቼ መልሼ አበራሁት፤ ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። ፓምፑ ተነሣ። እኔ በደስታ ዞር ስል ጋሼ የፓኔሉን ቀይ ቁልፍ በመዳፋቸው መትተው አጠፉት። «ውሃዋ ወርዷል፤ ደረቅ ናት፤ ታቃጥያታለሽ!»

አየር መሳብ እንደማይችል የሚታወቅ ዓይነት ፓምፕ ነው። ከሐይቁ እስከ ፓምፑ ያለው መምጠጫ ቧንቧ ምንጊዜም በውሃ መሞላት አለበት፤ ፓምፑ ሲቆም ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የምትይዘው ደግሞ ከቧንቧው ጫፍ ሐይቁ ውስጥ ያለች ቫልቭ ናት። ያቺ ቫልቭ ታፈስ ነበር። ይህንን ከጋሼ በቀር የጻፈውም የተናገረውም የለም። ለዚያም ነው በመስኖ ወቅት ፓምፑ ብዙ እንዳይቆም ድምፁን ሲጠብቁ የሚውሉት። በዚያ ላይ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ በባሕር ጠለል ላይ አሥር ሜትር ያህል የሚሆነው ውሃን ወደ ላይ የመምጠጥ ወሰን እዚህ ወደ ስምንት ይወርዳል፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የትኛውም የኮምፒውተር ደህንነት ትምህርት ስለ ስምንት ሜትር አልነገረኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የጀሪካን ነው። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከሐይቁ እየቀዳን፣ በማጠጫዋ ቀዳዳ እየጨመርን፣ ቫልቯ ከታች እያፈሰሰች። እስከ አሥራ ዘጠኝ ቆጥሬ ተውኩት። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆነ። በደንገል ታንኳ የሚያልፍ አንድ አሣ አጥማጅ ቆሞ ሲያየን ቆይቶ «ሐይቁ አልበቃ ብሎ ነው?» ብሎን አለፈ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የቆመው ውሃ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነው የመጣው። በዋዜማው የተተከለ የሽንኩርት ችግኝ በዚያ ፀሐይ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ «ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ። ደብዳቤዬን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበውና «እዚህ ላይ ማሽን ታቆማለች የሚል አላየሁም» አለ። እውነቱን ነው፤ ያናደደኝም እውነት መሆኑ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ መግባትንም ይቀጣል። ሰውየው ቢከስ ኖሮ «አስፈላጊው ትብብር» የሚለው ሐረግ እንዴት እንደሚያድነኝ አላውቅም። አልከሰሰም። ወደ ላከኝ ቢሮ ግን ደወለ። ቢሮው ስለ ክስተቱ ማብራሪያ ጻፊ አለኝ፤ ጻፍኩ። ኮሚቴ ይየው ተባለ። ኮሚቴው ለመሰብሰብ አምስት ሳምንት ወሰደ፣ ተሰብስቦም «ጥንቃቄ ይደረግ» ብሎ ወሰነ። አማካሪዬም «መጠንቀቅ ነበረብሽ» አለኝ፤ ሙሉ ፍተሻ አድርጊ ያለኝ ሌላ ሰው ይመስል።

አሁን ያልኩት ንዴት። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም ለኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያዎች ባወጣው መመሪያ በቀደሙት እትሞች ውስጥ አንድ ታሪክ አለ። በሥራ ላይ ባለ መረብ ላይ ቀላል ፍተሻ ሲደረግ ወደ ሦስት ሜትር የሚጠጋ የሮቦት ክንድ ሳይታዘዝ ተነሥቶ 180 ዲግሪ ዞረ። ይህንን ታሪክ እኔ ራሴ በመመረቂያዬ ምዕራፍ ሁለት ላይ ጠቅሼዋለሁ፤ ከነገጽ ቁጥሩ። ጠቅሼው ስመለስ ኬብል ሰካሁ።

የቋንቋችንም እጅ ሳይኖርበት አይቀርም። ከክፉ አሳቢ መጠበቅም «ደህንነት» ነው፤ ሰውና ማሽን ሳይጎዱ ውለው መግባታቸውም «ደህንነት» ነው። እኔ ፊተኛውን ላጠና ገብቼ ኋለኛውን ያፈረስኩ ነኝ።

ሁለተኛው ዙር በአንድ ሳጥን ነው ያለቀው። መረቡ ላይ የሚያልፈውን መልእክት ግልባጭ ብቻ የሚቀበል፣ ምንም የማይልክ ሳጥን መሣሪያዎቹን በሚያገናኘው ስዊች ላይ አስሬ ዘጠኝ ቀን አዳመጥኩ። ጋሼ ያደርጉት የነበረውን ማለት ነው። ማሽኖቹ የሚነጋገሩት በሞድባስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራ፣ «አንተ ማነህ?» ብሎ መጠየቅ ጨርሶ የማያውቅ ቋንቋ። ፋንክሽን ሦስት ያነባል፣ ፋንክሽን ስድስት ይጽፋል፣ ትእዛዙ ከማን እንደመጣ ግድ የለውም። የእርሻው ቢሮ ዋይፋይና የፓምፑ መረብ አንድ መሆናቸውን፣ የይለፍ ቃሉም የቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መኖሩን ያወቅሁት ግን ሻይ ስጠጣ ነው።

ጥቃቱን የሞከርኩት እርሻው ላይ አይደለም። ከዚያው ዓይነት ያገለገለ ፒኤልሲ ገዝቼ፣ ሁለት ባልዲና አንዲት ትንሽ ፓምፕ ገጥሜ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። «ማጠራቀሚያው ባዶ ነው» የሚል የሐሰት ቁጥር ስልክለት ፓምፗ መሙላቷን አላቆመችም፤ ባልዲው ሞልቶ ወለሉን አጥለቀለቀው። የጽዳት ሠራተኛዋ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ምክሬን መመሪያ የሚወድ ሰው ላይወደው ይችላል። መመሪያው «መጀመሪያ ያሉትን መሣሪያዎች መዝግብ» ሲል ሁሉም ላፕቶፕ ይከፍታል፤ እኔ ደብተር ይዘሽ ቧንቧውን በእግርሽ ተከተዪ፣ ከዚያ ኦፕሬተሩ አጠገብ ሁለት ቀን ተቀመጪ እላለሁ። «ሶፍትዌሩን ወዲያው አድስ» ይባላል፤ በመስኖ ወቅት የፒኤልሲ ሶፍትዌር የሚነካ ሰው ችግኝ ተክሎ አያውቅም፣ ክረምቱ ይግባ። የትብብር ደብዳቤውን ደግሞ ራስሽ አርቅቂው፦ የማሽኑ ስም፣ ቀንና ሰዓት፣ የሚደረገው፣ የማይደረገው፣ አቁሚ ማለት የሚችለው ሰው። ቢሮው ረዘመ ብሎ ከመለሰው መልሰሽ ውሰጂው።

ከሁሉም የምኮራበት ውጤት ኮምፒውተር የለበትም። ማጠራቀሚያው ውስጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ አስገባን፤ ገመዱ በቀጥታ ፓምፑን ወደሚያበራው ማገናኛ ይሄዳል፣ በመረቡም በፒኤልሲውም አያልፍም። መረቡ ላይ የፈለገው ውሸት ቢወራ ውሃው ሲሞላ ይቆርጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ያለን የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ የመቱት ሰዎች ያነጣጠሩት በአደጋ መከላከያው ሥርዓት ላይ ነበር፤ የቻሉትም በመረብ የሚደረስበት ስለነበር ነው። ሥራ አስኪያጁ ዋጋውን ሲሰማ «ይህቺ ናት ጥናቱ?» አለኝ። ይህቺው ናት።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት ሰኔ ላይ ነው። ጋሼ ወደ ማጠራቀሚያው ይዘውኝ ወጡ፣ ተንሳፋፊዋን በእጃቸው ከፍ አደረጓት፤ ታች ፓምፑ ዝም አለ። ለቀቋት፤ ተነሣ። አራት ጊዜ ደጋገሙት፣ ደስ ብሏቸዋል።

«ቫልቯስ ተቀየረች?» አልኳቸው ስንወርድ።

መልስ አልሰጡኝም። ፓምፕ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ በእግራቸው ጫፍ አሳዩኝ፤ ውሃ የሞሉ ስድስት ጀሪካኖች ተደርድረዋል።