ከመመለሻው ባቡር መጀመር፦ ከቶኪዮ ስለሚደረግ ድንገተኛ የደርሶ መልስ ጉዞ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ በቶኪዮ ምዕራብ ከምኖርባት ከታቺካዋ ማለዳ ተነሥቼ፣ በኮኡሚ የባቡር መስመር ተራራውን አቋርጬ፣ በካሩይዛዋና በዮኮካዋ በኩል ዞሬ፣ ምንም ነገር አስቀድሜ ሳላስይዝ በዚያው ምሽት ቤቴ ገባሁ። ለመሄድ የወሰንኩት ዓርብ ማታ የአየር ትንበያውን ካየሁ በኋላ ነው። ይህን ዙር ሺንካንሰን የተባለውን ፈጣን ባቡር ሳልጠቀም መሙላት ከጃፓን ኑሮዬ መጀመሪያ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት ነገር ስለሆነ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው፤ እዚህ የምትኖሩ ወዳጆቼም ትጠቀሙበት ዘንድ ልምዴን ለማካፈል ወደድሁ።

የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎቼ እንደማንኛውም ሰው ወደ ካማኩራ፣ ወደ ኒኮና 599 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ታካኦ ተራራ ነበሩ። ባቡሩ ስለሚመላለስ ብዙ ማሰብ አይጠይቁም። ጊዜ ላጠረው ኢትዮጵያዊ ግን ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሜ የምመክረው በኬዮ መስመር ላይ ያለውን የቶቢታኪዩ ጣቢያ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ ሯጮቹ ዞረው የተመለሱበት ቦታ፣ ከጣቢያው በእግር በሚደረስበት በኮሹ ካይዶ ጎዳና ዳር መታሰቢያ ቆሞለታል። ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም፤ ለእኔ ግን ከኒኮ ያጌጡ መቅደሶች ይልቅ ልቤን የነካው ይህ የመንገድ ዳር ምልክት ነው።

ከዚህ አልፎ ወደ ገጠር መውጣት ሲጀመር እውነተኛው ችግር ይመጣል፤ እርሱም መመለስ ነው። መሄጃ ባቡር ማለዳ ለተነሣ ሰው አይጠፋም። በተራራ መስመሮች ላይ ግን በአንዱና በሚቀጥለው ባቡር መካከል ከአንድ ሰዓት በላይ ሊያልፍ ይችላል፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ቁጥራቸው ይበልጥ ይመናመናል። የስልክ መተግበሪያዎች ለዚህ ብቻቸውን አይበቁም የሚል ጽኑ አቋም አለኝ። መተግበሪያ የሚመልሰው የተጠየቀውን አንድ ጥያቄ ነው፤ ፈጣኑን መንገድ ሲፈልግም በቀላሉ ወደ ሺንካንሰን ይመራል። አንድ ጣቢያ ላይ ደስ ብሎኝ ብወርድ ቀኔ ምን እንደሚመስል ግን ሰሌዳውን በሙሉ ካላየሁ ልረዳው አልችልም።

ስለዚህ ከሁሉ የምወደው መሣሪያዬ ጂኮኩህዮ የሚባለው በወረቀት የሚታተም ወፍራም የባቡር ሰዓት መጽሐፍ ነው። ከእነዚህ አንዱ የጉዞ ድርጅቱ የጄቲቢ እትም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ሲወጣ የኖረ ነው። በየወሩ ቢታተምም እኔ የምገዛው የመጋቢት ወር እትምን ብቻ ነው፤ ዓመታዊው ትልቅ የሰዓት ለውጥ የሚደረገው በዚያ ወር አጋማሽ ስለሆነ ነው። መግዛት ለማይፈልግ ሰው በየሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። አጠቃቀሙ መጀመሪያ ላይ ያስፈራል፤ ሆኖም ከፊት ባለው ካርታ ላይ የመስመሩን ገጽ ቁጥር ማግኘት፣ በገጹ ላይ የጣቢያዎቹን ስም በጎን ማንበብ፣ ከዚያም እያንዳንዱን ባቡር ከላይ ወደ ታች በዓምዱ መከተል ነው። በሰዓቱ ምትክ ካታካና ከሚባሉት የጃፓን ፊደላት አንዷ ‹ሬ› ካለች ባቡሩ በዚያ ጣቢያ ሳይቆም ያልፋል፤ ጥቁር የአልማዝ ቅርጽ ካለበት ደግሞ በየቀኑ ላይሄድ ይችላልና ማብራሪያውን ማንበብ ግድ ይላል። የጣቢያ ስሞችን በካንጂ፣ ማለትም በቻይና ዓይነት ፊደል፣ ማንበብ ዛሬም ድረስ ያስቸግረኛል፤ ቢሆንም ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ካንጂ ያስተማረኝ ይህ ሰሌዳ ነው።

ዘዴዬ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መስመር የመሄጃና የመመለሻ ሁለት ሰሌዳ ስላለው፣ መጀመሪያ የምገልጠው የመመለሻውን ነው። የመጨረሻውን ባቡር አገኝና እርሱን ትቼ ከእርሱ በፊት ያለውን የእኔ የመጨረሻ ባቡር አደርገዋለሁ። በተራራ መስመሮች ላይ ከባድ ዝናብ ወይም ሐዲድ ላይ የወጣ አጋዘን ባቡሩን ሊያቆመው ስለሚችል፣ አንድ ባቡር በእጅ ማትረፍ የግድ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ክፍት እተወዋለሁ፤ የት እንደምወርድ የምወስነው በመስኮት እያየሁ ነው። ድንገተኛ ጉዞ ማለት ያለ ዝግጅት መሄድ ነው የሚሉ ሰዎች ምክር ለከተማ ዳርቻ እንጂ ለተራራ አይሆንም።

የጥቅምቱ ዙር የተሳካው በዚህ መንገድ ነው። ኮኡሚ መስመር ከኮቡቺዛዋ እስከ ኮሞሮ 78.9 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በኪዮሳቶና በኖቤያማ መካከል 1,375 ሜትር ላይ ጄአር የተባሉት የባቡር ድርጅቶች ካሏቸው ሐዲዶች ሁሉ ከፍተኛውን ቦታ ይነካል። ለአዲስ አበባ ልጅ ከፍታው ብዙ ባይሆንም፣ የጠዋቱ ብርድና የሰፋው ሜዳ ናፍቆቴን ቀሰቀሰው። አስቸጋሪው ክፍል ከኮሞሮ በኋላ ያለው ነው። በካሩይዛዋና በዮኮካዋ መካከል የነበረው ቁልቁለታም ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1997 ሺንካንሰን ሲከፈት ስለተዘጋ፣ ዛሬ ሁለቱን የሚያገናኘው በቀን ጥቂት ጊዜ የሚመላለስ አውቶቡስ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የገነባሁት በዚያ አውቶቡስ ሰዓት ዙሪያ ነበር። ቢያመልጠኝ ከካሩይዛዋ እስከ ታካሳኪ በሺንካንሰን ለመውረድ ገንዘቡን ለብቻው ይዤ ነበር፤ እንዲህ ያለ መውጫ በር የሌለውን ዙር እንዳትሞክሩ እመክራለሁ። ከታካሳኪ በኋላ በሃቺኮ መስመር ወደ ሃቺዮጂ መውረድ ዙሩን ይዘጋዋል።

ስለ ትኬት ጥቂት ልበል። ለጎብኚዎች የሚሸጠው አገር አቀፉ የጄአር ፓስ በነዋሪነት ቪዛ ለምንኖር የውጭ ዜጎች አይፈቀድም። ሴይሹን 18 የተባለው ርካሽ ትኬት ቀድሞ አምስቱን ቀን በወቅቱ ውስጥ በፈለጉበት ቀን ለመጠቀም ያስችል ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ግን የሦስት ወይም የአምስት ተከታታይ ቀናት ትኬት ሆኗል። ለእንደኔ ዓይነቱ ዓርብ ማታ ወስኖ ቅዳሜ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ስለዚህ አሁን መደበኛውን ትኬት እገዛለሁ።

በጾም ወቅት ለሚጓዝ ደግሞ ምግቡን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ዮኮካዋ በሸክላ ማሰሮ በሚሸጠው ካማመሺ በተባለ የሩዝ ምግብ የታወቀች ናት፤ ነገር ግን ዶሮና የድርጭት እንቁላል አለበት። ዓሣ ለማይበላ ጿሚ ብዙው የጃፓን መረቅ በካትሱኦ ዓሣ የተሠራ ስለሆነ፣ እኔ ኮንቢኒ ከሚባለው የሰፈር ሱቅ በኡሜ ፍሬ የተሠራ ኦኒጊሪ የሚባል የሩዝ ድቡልቡል መለያውን አንብቤ ይዤ እወጣለሁ። ፍልሰታ ጃፓኖች ሙታናቸውን ከሚያስቡበት ከኦቦን በዓል ግርግር ጋር ስለሚገጥም በዚያ ሰሞን ጭራሽ አልጓዝም።

ቀጥሎ የምመኘው የታዳሚ መስመር ነው። ከአይዙ ዋካማትሱ እስከ ኮይዴ 135.2 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በጎርፍ የተሰበረው ክፍል በጥቅምት 1 ቀን 2022 እንደገና ተከፍቷል። ዳር እስከ ዳር የሚሄደው ባቡር በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ መመለሻ ሰሌዳውን ደጋግሜ ባገላብጠውም አንድ ባቡር በእጄ አትርፌ በዚያው ቀን ታቺካዋ የምደርስበትን መንገድ ገና አላገኘሁም። የሞከረው ካለ ከየትኛው ጫፍ እንደጀመረና በየትኛው ባቡር እንደተመለሰ ቢጽፍልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።