የእማዬ ካርድ

ዛሬ እማዬን ለስኳር ክትትል ከሐይቅ ወደ ደሴ ወሰድኳት። የቀጠሮ ካርዷ ስለጠፋብን ሰግቼ ነበር። ነርሷ «አብሽሪ እናቴ» ብላ ስሟን ስታስገባ ያለፈው ምርመራዋም መድኃኒቷም ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከዚያ መብራት ሄደ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ጻፈ፣ መብራቱ ሲመጣ ያንኑ መልሶ ሊያስገባ ነው፣ ውጭ ደግሞ ከገጠር በሌሊት ተነስተው የመጡ እናቶች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። የጤና ተቋማቱ ሪፖርትማ ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የጤና መረጃ መላኪያ የኮምፒውተር ሥርዓት ከጤና ጣቢያ እስከ ጤና ሚኒስቴር ይደርሳል፣ ጥሩ ነው። ግን ስንት ኮምፒውተር ገባ ተብሎ ብቻ አይቆጠር። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ አለ ወይ? ባለሙያው ሁለቴ መጻፉ ቀርቶለታል ወይ? እማዬ ዛሬ 4 ሰዓት ሙሉ ጠብቃለች፣ እሱም ይመዝገብልኝ።