በሁለት ወታደር ተበልጬ ያሸነፍኩት ጨዋታ

ተጋጣሚዬ አንጋፋ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ለቼዝ ውድድር በምንገናኝበት ሁሉ ወጣቶቹ ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። የዚያን ቀን እሳቸው ሲደርሱኝ አቻ ብወጣ እንኳ በደስታ ነበር የምቀበለው።

እስከ ሠላሳኛው እርምጃ ድረስ ጨዋታው የእሳቸው ነበር። ንግሥቶቹ ተበላሉ፣ ፈረሶቹም ወጡ። ጋሼ ሳይቸኩሉ እያጠበቡ መጥተው አንድ ወታደር ወሰዱብኝ። በመጨረሻ አንድ አንድ ሩክ (ቀጥ ብሎ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን የሚሄደው ግንብ) ቀረን፤ እኔ ሦስት ወታደር፣ እሳቸው አራት። ቆመው ሲያዩን የነበሩት ሰዎች አለቀ ብለው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄዱ።

እኔ ግን ሌላ ነገር እያየሁ ነበር። ነጭ ነኝ። ሩኬ ኤች7 ላይ ቆሟል (ፊደሉ የሰሌዳውን ቋሚ መስመር፣ ቁጥሩ አግድሙን ያሳያል)። የእሳቸው ንጉሥ ኤፍ8 ላይ ነው፤ ሰባተኛው መስመር ተዘግቶበታል። ይህን ቦታ አውቀዋለሁ! የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ካፓብላንካ እ.ኤ.አ. በ1924 ኒውዮርክ ላይ ሌላውን ታዋቂ ተጫዋች ታርታኮወርን ያሸነፈበት ጨዋታ ትዝ አለኝ። ካፓብላንካ ወታደሮቹን እያስበላ ንጉሡን በቀጥታ ወደ ተቃራኒው ንጉሥ ነዳው። ያንን ጨዋታ ደጋግሜ በሰሌዳ ላይ ሠርቼዋለሁ። በቃሌ ስለማውቀው ብቻ ግን አይደለም የጠቀመኝ፤ ለምን እንደሚሠራ ገብቶኝ ስለነበር ነው።

ንጉሤን ከጂ3 ወደ ኤች4 አወጣሁት። ኤፍ4 ላይ ያለው ወታደሬ ጠባቂ አጣ። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ሩካቸውን ኤፍ3 ላይ አመጡ፤ እኔ ወታደሬን ወደ ጂ6 ገፋሁ። የኤፍ4ን ወታደሬን በቼክ፣ ማለትም ንጉሤን እያጠቁ፣ በሉኝ። አሁን በሁለት ወታደር ተበልጫለሁ። ንጉሤ ጂ5 ገባ፤ ሩካቸው ሸሸ፤ ንጉሤ ኤፍ6 ደረሰ። በሚቀጥለው እርምጃ ሩኬ ኤች8 ላይ ማት ሊል ነው፤ ንጉሣቸው ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው ያበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ወደ ኤፍ6 ስሄድ ኤፍ5 ላይ ያለውን የጋሼን ወታደር መብላት እችል ነበር፤ አልበላሁትም። ያ ወታደር ከንጉሤ ጀርባ ቆሞ በኤፍ መስመር የሚመጣውን ቼክ ይከልልልኛል። ብበላው ንጉሤ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር። ካፓብላንካም መጀመሪያ አልበላውም። አንዳንድ የባላጋራ ወታደር በሕይወት ሲቆይ ይበልጥ ያገለግላል።

ጋሼ ንጉሣቸውን ጂ8 ላይ አሸሹ። ሩኬ ጂ7 ላይ ቼክ አለ፤ ንጉሡ ጥግ ገባ። ሩኬ ሲ7 ላይ ያለውን ወታደር በልቶ እንደገና በማት አስፈራራ። ሩካቸው ስምንተኛው መስመር ላይ ለጥበቃ ተቀመጠ፤ ከዚያም ብዙ መንቀሳቀስ አልቻለም። ቀሪዎቹን ወታደሮች አንድ በአንድ ለቀምኩ። በዳር ያለው ወታደሬ መሮጥ ሲጀምር ጋሼ ሰዓቱን አቁመው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ ንጉሥህን መቼ ነው ያስገባኸው?» አሉኝ። አብረን ጨዋታውን መልሰን ደረደርነው። ኤፍ4ን ከመብላት ይልቅ ሩካቸውን ለመከላከል ቢመልሱት ኖሮ እኔ ከባድ ችግር ውስጥ እንደነበርኩ ራሳቸው አሳዩኝ። እንዲህ ያለ ተጋጣሚ መታደል ነው።

በሩክ ኢንድጌም (ጥቂት ቁርጥራጮች ብቻ በሚቀሩበት የጨዋታው መጨረሻ) ውስጥ አሁን ወታደር ከመቁጠሬ በፊት ሦስት ነገር አያለሁ፦ የማን ሩክ ይንቀሳቀሳል፣ የማን ንጉሥ መሀል ገብቷል፣ የማን ንጉሥ ታግቷል። ሦስቱም ለእኔ የሚያደሉ ከሆኑ አንድ ወታደር መክፈል አያስፈራኝም። ከጓደኛዬ ጋር የካፓብላንካን ቦታ ደርድረን በተራ ነጭና ጥቁር ሆነን እንጫወታለን። ጥቁር ሆኖ መከላከሉ ነው የበለጠ የሚያስተምረው፤ ነጩ በየትኛዋ እርምጃ ሊዘገይ እንደማይችል ከዚያ ወገን ሲታይ ቁልጭ ይላል።