«ደህና ነኝ ልጄ» ያሉኝ እናት

ደሴ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ፊዚዮቴራፒ ነው የምሰራው። ይሄ ነገር ከተፈጠረ ሦስት ረመዳን አልፎታል፣ ግን እስከዛሬ አንድ ሰው ፊቴ ከወንበር ሊነሳ ሲል እጄ ሳላስበው ቀድሞ ይዘረጋል።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነበር፣ አንድ የ72 ዓመት እናት ልጃቸው ከሰኞ ገበያ በባጃጅ ይዟቸው መጣ። «ጉልበቴ ከዳኝ፣ ሰግጄ ስነሳ ግድግዳ መያዝ ጀመርኩ» አሉኝ። የእግራቸውን ጡንቻ ልለካ ብዬ ያው ሁሌ ምንሰራውን ቴስት አሰብኩ፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆመው እንደሚቀመጡ መቁጠር ነው። በሳቸው እድሜ ላለች ሴት ከ10 በታች ከመጣ ከአማካይ በታች ይባላል፣ ለመውደቅ ስጋትም ምልክት ነው። ዕቃ ምናምን ስለማይፈልግ እንወደዋለን፣ እንደዛ ስለሆነም ይመስለኛል አደጋ ያለው የማይመስለን።

«እማማ ደህና ኖት? የሚያዞሮት ነገር አለ?» አልኳቸው። «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉኝ። በቃ፣ ጥያቄዬ እዛ ላይ አለቀ። ፕሬዠር አልለካሁም። ሁሌ የምንጠቀምበት ወንበር ሌላ ክፍል ተወስዶ ስለነበር አንዱን የፕላስቲክ ወንበር አምጥቼ ሴራሚኩ ላይ ክፍሉ መሀል አስቀመጥኩት፣ ወንበሩ ግድግዳ መደገፍ እንዳለበት እኮ ተምሬዋለሁ፣ ለሌላም አስተምሬዋለሁ። እኔ ስልኬ ላይ ሰዓቱን ይዤ ፊት ለፊት ቆሜ እቆጥራለሁ።

ስድስት ስል ቆሙና ቀጥ አሉ። ከንፈራቸው ደርቆ ነጭ ሆኗል፣ ዓይናቸው እኔን አያይም። ከዛ ወደኋላ ሲቀመጡ ወንበሩ ተንሸራተተ። ስልኩን ጥዬ በብብታቸው ያዝኳቸው፣ ግን ክብደታቸው ጎትቶኝ ሁለታችንም መሬት ላይ ሆንን፣ ክርናቸው የአልጋውን እግር መታው። «ያ ለጢፍ» አሉ ቀስ ብለው። አጥንት አልተሰበረም፣ ክርናቸው በለዘ ብቻ። ግን የዳሌ አጥንት ቢሆንስ እያልኩ ስንት ሌሊት እንዳደርኩ እኔ ነኝ ማውቀው።

አስተኝቼ ፕሬዠራቸውን ስለካው 95/60 ነው፣ ወርዷል። ልጃቸው ሮጦ ገባና «ሲስተር እኮ ጾም ናቸው፣ የግፊት መድኃኒታቸውን ሱሁር ላይ ነው የወሰዱት» አለኝ። መድኃኒቱን ሳየው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ የሚያሸና ነው። ውሃ የሚያስወጣ ኪኒን ወስደው ከንጋት ጀምሮ ውሃ አፋቸው ሳይገባ የዋሉ ሴት ናቸው፣ እኔ ደሞ ቶሎ ቶሎ ተነሺ ተቀመጪ አልኳቸው። ረመዳን መሆኑን ደሴ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም፣ እኔም አውቅ ነበር፣ ግን ከመድኃኒቱና ከቴስቱ ጋር አላገናኘሁትም። በነገራችን ላይ ለሁዳዴ ጿሚም ያው ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚመጣ አለ፣ ስለዚህ አሁን ሰውን «ምን በሉ፣ መቼ ጠጡ፣ የትኛውን ኪኒን በስንት ሰዓት ወሰዱ» ብዬ ነው ምጠይቀው፣ «ደህና ኖት» የሚለው ሰላምታ እንጂ ምርመራ አይደለም። ከዛ አስተኝቼ እለካለሁ፣ ሲቆሙ 1ኛው ደቂቃ ላይና 3ኛው ላይ እደግማለሁ፣ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ቴስቱን ለሌላ ቀን ነው። ተቀምጠው 180/110 የሚያልፉትንም ጡንቻ ልለካ ብዬ አላስገፋም፣ መጀመሪያ ሐኪማቸው ጋር።

ወጣት ሲሆን ደሞ ነገሩ ሌላ ነው። ከኮምቦልቻ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ መጣልኝ፣ ኳስ ሲጫወት ቅልጥሙ ተሰብሮ ጄሶው ከወጣለት ቆይቷል። በእጄ ተቃውሜ ስሞክረው ሁለቱም እግሩ 5 ከ5 ነው፣ ሙሉ ጉልበት ማለት ነው፣ ግን ጭኑን በሜትር ስለካው የተሰበረበት በኩል በ2 ሴንቲሜትር ቀጥኗል። የወጣት ጭን እኮ በእጅ ተጭነሽ አታሸንፊውም፣ ጤነኛውም ደካማውም እኩል 5 ሆኖ ይወጣል፣ ስለዚህ ክብደት ያስፈልጋል። እሱ ደሞ «ሲስተር ትልቁን ስጪኝ፣ ምንም አያመኝም» ይላል። ክብደቱን ሲገፋ ፊቱ እየሳቀ ቀኝ እጁ ግን የአልጋውን ጠርዝ ጨምድዶ ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል፣ ትንፋሹንም ቆልፏል። አስቆምኩት። ትንፋሽ ቆልፎ ከባድ መግፋት ቀላል አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት ልምድ ያላቸው ወጣት ሰውነት ገንቢዎች በሁለት እግር ከባድ ብረት ሲገፉ የደም ግፊታቸው የደም ስር ውስጥ ተለክቶ በአማካይ 320/250 ደርሷል። ጤነኛ ወጣት ለዛች ቅጽበት ሊችለው ይችላል፣ ግን ምኑም ያልታወቀ ሰው ላይ አልሞክረውም። በቀላሉ አሟሙቄው፣ ሲገፋ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር አድርጌ (እየቆጠረ ትንፋሹን መቆለፍ አይችልም)፣ 10 ጊዜ ያህል ማንሳት የሚችለውን ክብደት ለየእግሩ ፈልገን ጉልበቱን ከሱ ገመትን። አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሳውን ትልቁን መሞከር ምንም አላስፈለገንም፣ የሁለቱ እግር ልዩነት ቁልጭ ብሎ ወጣ።

እማማ ከኢድ በኋላ ተመልሰው መጡ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቁርስ በልተው ውሃ ጠጥተው። ወንበሩ ግድግዳ ተደግፏል፣ እኔ ጎናቸው ነኝ፣ ሰዓቱን ልጃቸው ያዘ። 8 ጊዜ ተነሱ። ከዛ ቁጭ ብለን ሻሽ እያሰሩ «ያን ቀንም እኮ አራት ስትይ ዓይኔ ጨልሞ ነበር» አሉኝ። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ስላቸው እጄን ያዝ አድርገው «እየቆጠርሽ ነበራ ልጄ፣ ላቋርጥሽ አፍሬ ነው» አሉኝ።