ባዶዋ አይሱዙ

ሰኔ 2006 ዓ.ም. ነው። ደጀን ከተማ ውስጥ አንድ የማዳበሪያ መጋዘን በሥርጭት ሠራተኛነት ከተቀጠርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ተሳቢ ከጅቡቲ ያመጣውን ዩሪያና ዳፕ በሞዴል 19 ገቢ ታደርጋለህ፣ በሞዴል 22 ወጪ ታደርጋለህ፣ በአይሱዙ አስጭነህ ወደየቀበሌው ማኅበር ትልካለህ። እኔም የወረቀቱ ድምር ከገጠመ ሥራው ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

በየትመን በኩል ላለ አንድ ቀበሌ 250 ኩንታል ላክ ተባልኩ። ገበሬው ለጤፍ እርሻውን እያለሰለሰ ነው፣ ሐምሌ ደርሷል። በኪራይ አምስት አይሱዙ አመጣሁ፤ እያንዳንዱ 50 ኩንታል፣ 100 ከረጢት መሆኑ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ንጋት ላይ አምስቱንም አስከትዬ ለቀቅኳቸውና በልቤ «ዛሬ ተመሰገንኩ» አልኩ።

ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ የሚገባው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ዋልካ ነው። ዋልካን የማያውቅ ሰው ጭቃ ይለዋል፤ ጎማ ላይ ሲጠመጠም ያየ ግን ሊጥ ይለዋል። የፊተኛው መኪና ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሰጠመ። ሹፌሩ በጉልበት ሊያወጣው ሲል የኋላ ባሊስትራው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ተሰበረ። አራቱ ተጠጋግተው ይከተሉት ስለነበር ከኋላው ተደረደሩ። መንገዱ ጠባብ፣ ግራና ቀኙ ቦይ፣ ማዞሪያ የለም።

ስልክ ተደውሎልኝ በሞተር ደረስኩ። ከፊተኛው መኪና ላይ ሰላሳ ኩንታል ቢወርድ ይወጣል፤ የሚያወርድ ሰው ግን የለም። የጫኑት ልጆች ደጀን ቀርተዋል። የሚያወርዱት ቀበሌው መጋዘን በር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ረዳቱን «እስኪ አንተ ጀምር» ብለው ሹፌሩ ቀደመኝና «ውላችን መጋዘን በር ድረስ ነው፣ መንገድ ላይ ማውረድ የለበትም» አለ። ባለንብረቱን በስልክ አገናኘኝ፤ እሱም ያንኑ ደገመው። ካቦ፣ መጎተቻ የብረት ገመድ፣ ያለው የለም። ክሪክ፣ መኪና ማንሻ፣ ያለው አንዱ ብቻ፣ እሱም ዋልካው ላይ ሲያቆሙት ራሱ ይሰምጣል።

ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። የሁለቱ መኪኖች ሸራ ቀዳዳ ነበር፤ ጠዋት ሲወጡ አይቼዋለሁ፣ ዝም ብያለሁ። አህያ ይዘው ማዳበሪያውን ሊቀበሉ ከመጡት አንድ ሽማግሌ ከተቀደደች ከረጢት ዩሪያ ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹት። ውሃ ጠጥቶ ተጣብቋል። «ይኸ ጨው ነው ወይስ ማዳበሪያ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሲመሽ አህዮቹን እየነዱ ባዶአቸውን ተመለሱ።

መኪኖቹ በማግስቱ ከሰዓት በጥንድ በሬና በመንደሩ ወጣት ጉልበት ወጡ። ከ500ው ከረጢት 37ቱ ተበላሹ። ቃለ ጉባኤ ተያዘብኝ።

የመጋዘናችን ጥበቃ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ጦር ቤት የገቡት በጃንሆይ ዘመን፣ የሠሩት ስንቅና ትጥቅ ክፍል። በግንቦት 1945ቱ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ ስምምነት የመጡት አሜሪካኖች ያቋቋሙት አሠራር ውስጥ ጀምረው፣ ከ1969 በኋላ በሩሲያኖቹ ጨርሰዋል። ስለ ራሳቸው ጦር ሲያወሩ ትንሽ ጨመር ማድረግ ይወዳሉ፤ ስለ ጓዝ ሲያወሩ ግን ቀልድ የላቸውም። ማታ እሳታቸው ዳር አስቀምጠውኝ የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ በመሬት ላይ ደረደሩ።

«ይኸ ተዋጊው ሻለቃ ጦር ነው። ወታደሩ ጀርባው ላይ የተሸከመው አለ፣ ይኸ አንድ። ሻለቃው በራሱ መኪና ይዞት የሚዞረው አለ፣ ይኸ ሁለት። ከኋላ ብርጌዱና ክፍለ ጦሩ ያከማቹት አለ፣ ይኸ ሦስት። አንዱ ሲጎድል ከኋላው ያለው ይሞላዋል። አንተ ሦስቱንም አንድ ላይ አስረህ ጭቃ ውስጥ ከተትካቸው። ደጀንህ የታለ?»

«ደጀን ነው ያለነው» አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ እሳቸው ግን ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ያሉት የከተማውን ስም ሳይሆን የጦሩን ደጀን፣ ከኋላ የሚቆመውን መከታ ነው። ዓድዋንም አነሱ፦ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው የዘመቱበት የ1888ቱ ዘመቻ፣ ስንቅ ተሟጦ ሠራዊቱ ሊነሣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጦርነቱ ባይገጥም ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያሉ።

«ሩሲያኖቹ ጋ የበላዩ ክፍል በራሱ መኪና ለበታቹ ያደርሳል። አሜሪካኖቹ ጋ ሁለቱም አለ፤ ወይ ያመጡልሃል፣ ወይ ማከፋፈያው ድረስ ሄደህ ትጭናለህ። የትኛውም ይሁን፣ ጥገናው ከሰልፉ መጨረሻ ነው የሚሄደው። ፊት ከሄደ የወደቀውን ማን ያነሣል?»

ከዚያ የጠየቁኝ ጥያቄ እስካሁን አብሮኝ አለ። «ያ ሹፌር የማን ነበር?»

«የባለንብረቱ»

«አውራጆቹስ?»

«የማኅበሩ»

«አንተስ?»

ዝም አልኩ። እሳቸው እንዳስረዱኝ ለአንድ ሻለቃ የተመደበ የድጋፍ ክፍል እናት ክፍሉ ሌላ ቢሆንም፣ እዚያ እስካለ ድረስ መቼ ተነሥቶ የት እንደሚቆም የሚነግረው የሚደግፈው አዛዥ ነው። በኋላ አንብቤ እንዳየሁት የዛሬው የአሜሪካ ብርጌድም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ አንድ የድጋፍ ሻለቃ አለው፣ በውስጡ የማከፋፈያ፣ የጥገናና የሕክምና ሻምበሎች፣ ማለትም የሻለቃው ታናናሽ ክፍሎች፣ አሉ፤ ከዚያ በተረፈ ለየተዋጊው ሻለቃ አንዳንድ የድጋፍ ሻምበል ወደፊት ይላካል። ሰውየው ቆረቆንዳ ላይ ያሳዩኝ ይኸንኑ ነበር።

በሳምንቱ ሌላ 200 ኩንታል መጣ። አራት አይሱዙ ጭኜ አምስተኛዋን ባዶ አስከተልኩ። ውሉ ላይ «ሹፌሩ እስኪመለስ ድረስ በሥርጭት ሠራተኛው ይታዘዛል» የሚል አስጨመርኩ፤ ባለንብረቶቹ አጉረምርመው ፈረሙ። ስድስት ጫኞች ባዶዋ ላይ ተሳፈሩ። ግማሹን ጭነት መገንጠያው ላይ በሸራ ሸፍነን ጥበቃ አቆምንበት፤ ባለ አህያው ከዚያው ወሰደ። ጭነታቸው የቀለለው መኪኖች ተራርቀው ገቡ። አንዷ እዚያችው ቦታ ሰጠመች። ባዶዋ ከኋላ ቀረበች፣ ልጆቹ 15 ኩንታል አዛወሩ፣ በካቦ ተጎተተች። ሰባት ሰዓት ላይ ደጀን ገብተን ምሳ በላን።

የክፍያ ሰነዱን ለሂሳብ ክፍል አቀረብኩ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ አምስተኛዋ መኪና በቀይ እስክሪብቶ ተከባ፣ ከጎኑ «ምን ጭና ሄደች?» የሚል። ከሥር ጻፍኩ፦ «ካቦ፣ ሁለት ክሪክ፣ ክሪክ ማስቀመጫ ጣውላ፣ ሁለት ባሊስትራ፣ አንድ ጀሪካን ናፍጣ፣ አንድ መካኒክ፣ ስድስት ጫኝ»። እንደገና ተመለሰ፦ «ይህ ጭነት አይደለም።»

ወረቀቱን ለሃምሳ አለቃ ወስጄ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «የእኛም ሂሳብ ሹም እንዲሁ ነበር» አሉ።