ቅርሻት ነው ያልነው

የበኩር ልጄ ሦስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ ከጠባ በኋላ ማቅረሽ ጀመረ። ልታርሰኝ ከአጋሮ ጅማ የመጣችው እናቴ፣ የማያቀረሽ ሕፃን እንደሌለ ነግራኝ፣ በትከሻዋ አስደግፋ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች እንዴት እንደሚያገሳ አሳየችኝ። ነገር ግን ቅርሻት ከአፍ ጥግ ወርዶ ደረት ላይ የሚቀር ነው፤ የእኔ ልጅ በጥቂት ቀናት ውስጥ የጠባውን ሁሉ አስፈንጥሮ ክንድ ያህል የሚርቀውን መጋረጃ ያረጥብ ጀመር። ከሁሉ ያሳሳተን፣ ካስመለሰ በኋላ ወዲያው እንደ ተራበ ሰው ጡቱን መፈለጉ ነው። የታመመ ልጅ መች ይጠባል ብለን ተጽናናን።

መጀመሪያ የወሰድነው ክሊኒክ ወተት በዝቶበት ነው ብሎ መለሰን። ሳይመዝኑት መመለሳቸው እስካሁን ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም በ31ኛ ቀኑ ሽንት ጨርቁ ከጠዋት ጀምሮ ደርቆ፣ እርግብግቢቱም ጎድጉዶ ሆስፒታል ስንደርስ፣ 3.3 ኪሎ ሆኖ የተወለደው ልጅ 3.1 ኪሎ ሆኖ ተገኘ።

ሐኪሟ አስቀድማ የጠየቀችኝ ስለ ትውከቱ ቀለም ነበር። አረንጓዴ ቢሆን መዘጋቱ ሐሞት ከሚፈስበት በታች ያለ አንጀት ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ለሰዓታት እንኳ የማይቆይ ጉዳይ ይሆን ነበር፤ የልጄ ግን የረጋ ነጭ ወተት ብቻ ነበር። ከዚያ ሆዱን ገልጣ አጥቢው አለችኝ። ከግራ ጎድኑ ሥር አንድ እብጠት ተነሥቶ፣ በቆዳው ሥር እንደ ማዕበል እየተንከባለለ ወደ ቀኝ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። ጨጓራው የጠበበውን መውጫ ለማለፍ ሲታገል ነበር። በጣቷ ዳስሳ ያገኘችውን ጠጣር ነገር መጻሕፍት በወይራ ፍሬ ይመስሉታል፤ ለእኛ ለጅማዎች የበሰለ ቀይ ቡና ይቀርበናል። አልትራሳውንዱም የመውጫው ጡንቻ 5 ሚሊ ሜትር መወፈሩን አሳየ፤ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ ለበሽታው ምልክት ይበቃል።

ፓይሎሪክ ስቴኖሲስ ይባላል። ሲወለድ ደህና የነበረው ጡንቻ በኋላ እየወፈረ መተላለፊያውን ያጠባል፤ በወንዶች ላይ ከሴቶች አራት እስከ አምስት እጥፍ ይበዛል፤ የበኩር ልጆችም ይበልጥ ይጠቃሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ኤሪትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ የተሰጠው ሕፃን ስጋቱ ስለሚጨምር፣ ይህንንም ጠይቃኛለች።

እናቴ የተቆጣችው ቀዶ ሕክምናው ለሁለት ቀን መቆየቱን ስትሰማ ነበር። «ልጁ እያለቀ ምን ይጠብቃሉ?» አለች። የሚጠበቀው ደሙ ነበር። ልጁ ሲያስመልስ የጨጓራ አሲዱን፣ ከእሱም ጋር ክሎራይድና ፖታሲየም የተባሉትን የደም ጨዎች አብሮ ስለሚያጣ፣ ደሙ ሳይስተካከል ሰመመን ቢሰጠው ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ጠብታው በክንዱ ሲወርድለት ሰነበተ፤ ሽንት ጨርቁ በረጠበ ቁጥር እናቴ እልል ልትል ይቃጣት ነበር።

የተደረገለት ቀዶ ሕክምና ጀርመናዊው ሐኪም ራምሽቴት በ1912 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ነው፤ የወፈረው ጡንቻ በቁመቱ ተሰንጥቆ የውስጠኛው ሽፋን ሳይነካ ይቀራል፣ ስንጥቁም በክር አይሰፋም። ከስድስት ሰዓት በኋላ አጠባሁት። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ሲያስመልስ ደነገጥኩ፤ ነርሷ ግን የሚጠበቅ መሆኑን አስቀድማ ነግራኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠብቶ አገሳ፤ ጠበቅን፤ ምንም አልወጣም። እናቴ መጋረጃውን አውርዳ ለመጨረሻ ጊዜ ለማጠብ ወደ ቤት ሄደች።