የተማሪው ካርድና የተማሪው ዕውቀት

የዓመቱን ውጤት ሮስተር ላይ አስፍሬ በጨረስኩ ቁጥር የሚከነክነኝ፣ ይህ ሁሉ ቁጥር ስለ ልጆቹ ዕውቀት ምን ያህል እውነት ይናገራል የሚለው ጥያቄ ነው። ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ደሴ ውስጥ ከማስተምራቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ የስምንተኛ ክፍል ካርዱ ላይ በሒሳብ 84 ተጽፎለት መጥቷል። አንድ ሦስተኛንና አንድ አራተኛን ደምር ብለው ግን ሁለት ሰባተኛ ብሎ ጻፈልኝ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ደብተሩ ንጹሕ፣ የቤት ሥራውም ሁልጊዜ የተሟላ ነው።

ኋላ ተመልሼ ስቆጥር፣ ይህ ልጅ አምስተኛ ክፍል የነበረው በ2014 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ እርሱም እንደ ብዙዎቹ ከቤተሰቡ ጋር ተፈናቅሎ ከረመ። ሲመለሱ ትምህርቱ እንደምንም ተጠናቀቀ፣ ልጆቹም ተዛወሩ፤ መዛወራቸውንም ማንም ሊነቅፍ አይችልም። የሚያሳዝነኝ፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት የክፍል ደረጃዎች ክፍልፋይ ያልገባው መሆኑን አይቶ ለመምህሩ የሚጠቁም አንድም ምዘና አለመኖሩ ነው።

ስለ ትምህርት ማሻሻያ ሲነሳ ሁላችንም የምንጠቅሰው የ12ኛ ክፍልን ውጤት ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ ሲሰረዝና እንደገና ሲሰጥ ያየ ሰው የአሰጣጡን መጥበቅ ይቃወማል ብዬ አላምንም፤ ሌሊቱን ሲያጠና ለሚያድር ልጅ ከኩረጃ የባሰ በደል የለም። ነገር ግን ይህ ፈተና እውነቱን የሚነግረን ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ከተማረ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ የአምስተኛ ክፍልን ክፍልፋይ ማን መልሶ ያስተምረዋል?

ተከታታይ ምዘና የታሰበው ለዚሁ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጅ በነፃ እንዲዛወር ሲደረግ፣ መምህሩ የልጁን ድክመት በየጊዜው እያየ ያርማል ተብሎ ነበር። በተግባር ያየሁት ግን ማርክ መሰብሰብን ነው፤ ለአጭር ፈተና አሥር፣ ለደብተር አምስት፣ ለቡድን ሥራ አሥር፣ የቡድኑንም ሥራ አንዱ ጎበዝ ጽፎት ሌሎቹ ስማቸውን ያሰፍሩበታል። መምህሩን ብቻ መውቀስ ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በአንድ ክፍል ከስልሳ በላይ ተማሪ ይዞ አራትና አምስት ክፍል የሚያስተምር ሰው እያንዳንዱ ልጅ የት ላይ እንደተሳሳተ ለማየት ጊዜ ከየት ያመጣል? በዚያ ላይ ብዙ ተማሪ የጣለ መምህር ለምን ጣልክ ተብሎ ይጠየቃል፤ ሳያውቅ ስላለፈው ተማሪ ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም።

የእኛው ወሎ በዚህ ረገድ የሚያስተምረን ነገር አለ። በዋድላ ቅኔ ቤት ተማሪው ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ረዘም እስካለው እስከ መወድስ ደረጃ በደረጃ ሲሄድ፣ የቆጠረውን (የደረሰውን) ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምተው ስሕተቱን እዚያው ያርሙለታል፤ አንዱ የቅኔ ዓይነት ሳይሆንለት ወደ ቀጣዩ አይሻገርም። በዳናው የእስልምና ትምህርት ቤትም ደረሳው (ተማሪው) ኪታቡን ከሸሁ (ከመምህሩ) ፊት ተቀምጦ እያነበበ ይማራል፤ ያልገባው ቦታ ወዲያው ይታወቃል። አለንጋውና ሴት ልጆች እምብዛም አለመታየታቸው ይመለስ የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን በእነርሱ ዘንድ ምዘናው ከእርማቱ ጋር አልተለያየም፤ የእኛ ተለያይቷል።

በአዲሱ 6-2-4 (ስድስት ዓመት አንደኛ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ) አደረጃጀት የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዎች አሉ፤ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግን ቀርቷል። የልጆችን ዕድል በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ይቆርጥ ስለነበር መቅረቱን እደግፋለሁ። ሆኖም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ድረስ ባሉት ዓመታት ልጁን የሚመዝነው ትምህርት ቤቱ ብቻ ስለሆነ፣ የትምህርት ቤቱ ምዘና ካልታመነ ሌላ የሚያስጠነቅቀው አይኖርም።

ለሚቀጥለው መስከረም ከትምህርት ክፍሌ ባልደረቦች ጋር የተስማማንበት ነገር አለ። ለዘጠነኛ ክፍል ገቢዎች ማርክ የማይያዝበት፣ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉትን መሠረታዊ የሒሳብ ችሎታዎች ብቻ የሚፈትሽ ምርጫ የሌለው ፈተና እንሰጣለን። ምርጫ ያስቀረነው ከአራት አማራጭ በግምት ብቻ 25 በመቶ ስለሚገኝ ነው። የእያንዳንዱ ልጅ ያልተሟላ ችሎታ በስሙ አንጻር ይመዘገባል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ በየድክመታቸው ተመድበው ይማራሉ። ርዕሰ መምህራችን ክፍል ፈቅደውልናል፤ የቀረን ለወላጆች ማርክ የሌለበት ፈተና ለምን እንደሚሰጥ ማስረዳት ነው፤ ለዚህም የመጀመሪያውን የወላጆች ስብሰባ ጠይቀናል።